«ባንዲራ ከመያዝ ሌላ ምን እንስራ?» የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን! የአርበኞች ቀን ካለፈ ወዲህ የደረሱን መልእክቶች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፣ ወጣቱ በአርበኞች ማህበርና በመሳሰሉት የታሪክ ማህበራት ውስጥ ቦታው የት ነው የሚለው ላይ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ጥቂቶቹን መርጠናል፣ የረዘሙትንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ21 ዓመት የዩኒቨርስቲ ተማሪ ነኝ። ቅድመ አያቴ በአምስቱ የወረራ ዓመታት ሸዋ ውስጥ «ዱር ቤቴ» ብለው የተዋጉ አርበኛ ናቸው። በአጎቴ በኩል እኔና ጓደኞቼ ማህበሩ ውስጥ መሳተፍ ጀምረን ነበር፣ ግን የካቲት 12 ወይ ሚያዝያ 27 ሲደርስ ይደወልልናል፣ ባንዲራ እንይዛለን፣ ወንበር እንደረድራለን፣ ለእንግዶች ውሃ እናድላለን፣ አለቀ። እውነት ለመናገር ልተወው እያሰብኩ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ። ቅሬታህ ግን ልክ ነው፣ እኛም እንጋራዋለን። ወጣቱን ለሰልፍ ማድመቂያ ብቻ የሚጠራ ማህበር የራሱን ታሪክ ረስቷል ማለት ነው ምክንያቱም አርበኛው ራሱ እኮ ልጅ ነበር! ጃገማ ኬሎ ጫካ ሲገቡ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ፣ በኋላ ሌተና ጄነራል ሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ድርጅት ከመሰረቱት ውስጥ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ካዴቶች አሉበት፣ ገና ትምህርታቸውን በቅጡ ያልጨረሱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተመንግስት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ወጣቶች ነበሩ፣ መኪናውን ይዞ የተባበራቸው ስምዖን አደፍርስም ታክሲ የሚነዳ ሰው ነበር፣ ተይዞ ብዙ ተሰቃይቶ ነው የሞተው። እነዚህ ሰዎች የዕድሜ ታላቅ እስኪፈቅድላቸው ድረስ ጥግ ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ ዛሬ የምናከብረው ቀን ግማሹ አይኖርም ነበር።

ታዲያ ምን ትስሩ? አሁን ከሁሉም የሚቀድመው መቅዳት ነው፣ ድምፅ መቅዳት። አስበው እስቲ፣ በ1928 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል። ስለዚህ በዓይኑ ያየ ሰው ማግኘት እጅግ ከባድ ሆኗል፣ የቀሩልን ከአባታቸው አፍ የሰሙ ልጆቻቸው ናቸው፣ እነሱም ሰባዎቹና ሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። በየዓመቱ ሰልፍ ላይ ጎፈርና ሜዳይ አድርገው የምታያቸው አባቶች አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ታሪኩ ሶስተኛ እጅ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ «አያቴ አርበኛ ነበር ይባላል» ብቻ ነው የሚቀረው።

ለመቅዳት ደግሞ ስልክህ ይበቃል። ጸጥ ያለ ክፍል ፈልግ፣ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገውና ከተናጋሪው ደረት አጠገብ አስቀምጠው፣ መጀመሪያ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቦታ፣ ቀኑን በራሳቸው ድምፅ አስነግራቸው። «ስለ ጦርነቱ ይንገሩኝ» ብለህ አትጀምር፣ እንደሱ ካልክ ሁሉም ሰው በሬዲዮ የሰማውን ነው የሚነግርህ። ይልቅ አባትዎ መጀመሪያ የገቡት በማን ስር ነው? የጦር አለቃው የፈረስ ስም ማን ነበር? ስንቅ ማን ያቀብል ነበር? ጠመንጃው ምን ዓይነት ነው፣ ከማን ተማረከ? እናትዎ ያኔ የት ነበሩ? ክረምቱን የት አሳለፉት? ብለህ ጠይቅ። የፈረስ ስም ነገር ቀላል እንዳይመስልህ፣ በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» እንደሚባለው ሌሎቹም በፉከራውና በቀረርቶው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው፣ ስሙን ሳታውቅ ቅድመ አያትህ ያሉበትን ግጥም ሰምተህ ልታልፈው ትችላለህ። ቀን ከጠፋባቸው በበዓል አስታውሳቸው፣ «ከመስቀል በፊት ነው በኋላ?» ስትላቸው ብዙ ነገር ይመጣላቸዋል። ፉከራ ካወቁም አታቋርጣቸው፣ እስኪጨርሱ ቅዳ።

የድምፁን ፋይል በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል ላከው፣ በሌላ መንገድ ስትልከው ጥራቱ ሊወርድ ይችላል፣ እና ቢያንስ ሶስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤትህ ውጪ።

ሁለተኛው ስራ ወረቀት ነው። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የምስክር ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ የጦር ሜዳ ፎቶ፣ የአርበኝነት ሜዳይ አለ። እባካችሁ እነዚህን ወረቀቶች ላሚኔት አታስደርጉ! ሰው በቅን ልቦና እንዲጠበቅለት ብሎ ላሚኔት ያስደርጋል፣ ከዛ በኋላ ግን ወረቀቱን ከፕላስቲኩ ማላቀቅ አይቻልም፣ ሙቀቱም ይጎዳዋል። ፕላስተርም አትለጥፉበት። በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱት፣ የፊቱንም የጀርባውንም፣ ከዛ በንጹህ ነጭ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ እርጥበት የሌለበት ቦታ አስቀምጡት። ፎቶ ከሆነ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ የሰዎቹን ስም ጻፉ፣ በእስክሪብቶ አይሆንም። ሜዳዩን ስታነሱ ሪባኑ ላይ ያሉትን ዘንባባዎች ቁጠሩ፣ ባለ አምስት ዘንባባ ከሆነ አምስቱንም ዓመት ዱር የቆየ ሰው ነው ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ ስንት ቤተሰብ አለ መሰላችሁ።

እና አንተ ለማህበሩ አመራር ባዶ ቅሬታ ይዘህ አትሂድ። አንድ ገጽ ጻፍ፣ «እኛ አምስት ልጆች ነን፣ እስከ መስከረም የአስር አባቶችንና እናቶችን ታሪክ እንቀዳለን፣ ከእናንተ የምንፈልገው የስም ዝርዝርና አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ነው» በል። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ እምቢ ሲል ማሰብ ይከብደኛል። የተቀዳውን አንድ ኮፒ ማህበሩ ጋር፣ ሌላውን ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተመዛግብትና ቤተመጻሕፍት) ወይ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብታስገቡት ተመራማሪም ያገኘዋል። ተቋሙ ያለው እዛው ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ ስለሆነ ለጓደኞችህም ቦታውን አሳያቸው፣ በየቀኑ እዛ እየተማረ የት እንደቆመ የማያውቅ ተማሪ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 78 ነው፣ አባቴ ጎጃም ውስጥ አርበኛ ነበሩ። ወጣቶቹ ለፎቶ ይመጣሉ ከዚያ ይጠፋሉ። ለምን አይቆዩም? እኛ ስንሞት ይሄን ማህበር ማን ይረከበዋል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን፣ ስጋትዎ የኛም ስጋት ነው። በትህትና አንድ ነገር ብንልዎት፣ ወጣት የሚቆየው ኃላፊነት ሲሰጠው ነው። ጸሐፊነቱን፣ የፎቶና የመዝገብ ስራውን፣ የሂሳብ ምርመራውን ስጧቸው፣ ድምፅም ይኑራቸው። ስብሰባው በስራ ቀን ረፋድ ላይ ከሆነ ተማሪም ሰራተኛም አይመጣም፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ወይ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ይሻላል። «የዛሬ ልጅ ምን ያውቃል» የምትለዋ ንግግር ደግሞ ካልቀረች ምንም ቢደረግ አይሆንም፣ ጋሼ ይቅርታ ግን እውነቱ ይሄ ነው፣ ከብዙ ወጣቶች የሰማነው የመጀመሪያው ምክንያት እሷ ናት።

ከዚህ የሚከብደው ግን ጥያቄያቸውን መፍራት ነው። ልጆቹ አንብበው ይመጣሉ። በላይ ዘለቀን ያህል ሰው ከድል በኋላ በ1937 ዓ.ም. ለምን ተሰቀለ? ንጉሡ ሲሰደዱ ዱር የቀረው አርበኛ ምን አለ? ከጣልያን ጋር ያደሩ ሰዎች ነጻነት ሲመጣ እንዴት ሹመት አገኙ? ይላሉ። እነዚህን ጥያቄዎች «ይሄ አይነሳም» ካልናቸው ልጁ ሄዶ መልሱን ከቲክቶክ ያመጣል፣ እዛ ያለው ደግሞ ግማሹ ስድብ ግማሹ ፈጠራ ነው። የርስዎ አባት ያኔ ምን ይሉ እንደነበር እርስዎ ያስታውሳሉ፣ ንዴታቸውንም ጭምር። እሱን ይንገሯቸው። ልጆቹ አባቶቻቸው አንድ ዓይነት ሃሳብ ስላልነበራቸው ይንቋቸዋል ብለው አይስጉ፣ እንዲያውም ሰው መሆናቸው ያቀርባቸዋል።

ሌላው የዘር ሐረግ ጉዳይ ነው። የአርበኛ ልጅና የልጅ ልጅ ቅድሚያ ማግኘቱ ተገቢ ነው፣ ቤቱ የሱ ነው። ነገር ግን ቅድመ አያቱ ማን እንደነበሩ የማያውቅ፣ ወረቀት የሌለው፣ ታሪኩን ግን የሚወድ ልጅ በር ላይ ሲደርስ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ከተመለሰ ትልቅ ጉዳት ነው። ስንቱ አርበኛ ዘር ሳይተካ ነው ዱር የቀረው። የነሱን ታሪክ ማን ይያዝላቸው? ደግሞም ይሄ ታሪክ የአንድ አካባቢ አይደለም፣ ገረሱ ዱኪ፣ ኃይለማርያም ማሞ፣ አበበ አረጋይ፣ ጃገማ ኬሎ፣ ሸዋረገድ ገድሌ፣ ሮም ከተማ መሃል ለሀገሩ ክብር የተነሳው ዘርዓይ ደረስ፣ እያንዳንዳቸው ከተለያየ ቤት ነው የመጡት። ወጣቱ ይሄን ሲሰማ «ይሄ የኔም ነው» ይላል፣ ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ይሄን መስማት ለልጆቻችን በጣም ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፦ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እኔ በጓደኞቼ ምክንያት የታሪክ ክበብ ውስጥ ገባሁ፣ አሁን አርበኞች ማህበር ሄደን እንድናግዝ እየተጠየቅን ነው። ግን እቤት ውስጥ የአያቴ አባት ለጣልያን የሰራ ሰው ነው ይባላል፣ በሹክሹክታ። እዛ ቦታ መቆም ያሳፍረኛል፣ ቢታወቅስ? (ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን ነው ያነበብነው። ሂጂ። እንኳን አንቺ ያኔ ያልነበርሽው፣ የባንዳ ልጅ ሆኖ ራሱ አርበኛ የወጣ፣ ጣልያን ቤት ቆይቶ ከድቶ ከነመሳሪያው ወደ አርበኛው የገባ አለ፣ ከኤርትራ የመጡ አስካሪዎች (በጣልያን ጦር ውስጥ ያገለገሉ ወታደሮች) ሳይቀሩ ብዙዎቹ እየከዱ ከአርበኛው ጋር ተሰልፈዋል። አብርሃ ደቦጭ ራሱ ጣልያንኛ የሚችልና በጣልያኖቹ ቢሮ የሚሰራ ሰው ነበር። የውስጥ አርበኛ የሚባሉት ደግሞ ከተማ ተቀምጠው ከጠላት ጋር እየበሉ እየጠጡ ወሬና ጥይት ያወጡ ነበር፣ ጎረቤት ባንዳ እያለ ይሰድባቸው ነበር፣ መናገር አይችሉም። ስለዚህ «ለጣልያን ሰራ» የሚለው ወሬ ብቻውን ሙሉ ታሪክ አይደለም።

ይህን ስልሽ ግን ተጣርቶ በእርግጥም ባንዳ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያንን አልሸፍንልሽም። መንገድ የመሩ፣ ወገናቸውን ያስያዙ፣ ደብረ ሊባኖስ ላይ በግንቦት 1929 መነኮሳቱ ሲያልቁ ከገዳዩ ጎን የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ቅድመ አያትሽ ከእነዚያ ቢሆኑ እንኳን ሀፍረቱ የሳቸው ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። እንዲያውም እቤታችሁ በሹክሹክታ የሚወራውን እውነት ሳትቀቢ ብትጽፊው፣ ለምን ገቡ፣ ረሃብ ነው፣ ቂም ነው፣ ሹመት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ማንም በቀላሉ የማያገኘውን ነገር ነው የምታቆዪልን። በየሀገሩ ስለ ጀግናው ይጻፋል፣ ሰው እንዴት ወደ ጠላት እንደሚገባ ግን ከቤተሰብ ውስጥ ሆኖ የሚነግረን የለም። አሁን ለማንም መናገር የለብሽም። አያትሽ በህይወት ካሉ ግን ከሳቸው ጋር ብቻሽን ቁጭ በዪ፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ካለቀሱ አቁሚ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፣ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። አድዋን ያውቃል፣ ስለ አምስቱ ዓመት ወረራ ግን ምንም አያውቅም፣ ሁለቱንም አንድ ጦርነት ይመስለዋል። እዚህ ሆኖ ምን ሊሳተፍ ይችላል?

መልስ፦ ብዙ ልጆች ይደባልቁታል፣ አዲስ አበባም ያሉት። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በወረራው ጊዜ የተደረገው የማይጨው ጦርነት ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ መሃላቸው 40 ዓመት አለ። ጣልያን ያኔ ለመበቀል ነው የተመለሰው፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ። ልጅሽ ይህቺን ካወቀ ቀሪውን ራሱ ይጠይቅሻል።

እዛው ያላችሁበት አካባቢ ግን እኮ ሀብት አላችሁ! ዶ/ር መላኩ በያን ህክምና የተማሩት ዋሽንግተን ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርስቲ ነው፣ ከቤታችሁ ምናልባት በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በወረራው ጊዜ ተመልሰው አሜሪካ ገብተው በ1937 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌደሬሽንን አቋቋሙ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበሩ ሰው ናቸው፣ ድሉን ሳያዩ በ1940 እ.ኤ.አ. ነው የሞቱት። የቺካጎው ፓይለት ጆን ሮቢንሰን ደግሞ ከወረራው በፊት ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ በጦርነቱ በረረልን፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪ ሲያሰለጥን ኖሮ በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ነው ያረፈው። ልጅሽ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በብላክ ሂስትሪ መንዝ ስለነዚህ ሁለት ሰዎች ቢያቀርብ ክፍሉ በሙሉ ይሰማዋል፣ ጥቁር ጓደኞቹም «የኛም ታሪክ ነው» ይላሉ፣ እውነትም የነሱም ነው። የካቲት 12 ከፌብርዋሪ 19 ጋር ስለሚገጥም ወሩም ያው ያ ወር ነው።

ሌላው ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲሰራ ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው የጮኸው፣ ሰልፍ የወጣው፣ ደብዳቤ የጻፈው። ይሄ ውጭ ሆኖ የሚሰራ ስራ ነው። እና ቤተክርስቲያናችሁ ወይ መስጊዳችሁ ውስጥ ስንት እናቶችና አባቶች አሉ፣ የነሱን መቅዳት ከላይ ለተማሪው እንደነገርነው ነው። አማርኛው ቢሰባበርም እሱ ይጠይቅ፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ብቻ እርጂው፣ ጥያቄውን ግን አትንጠቂው።

ጥያቄ፦ ድል የተገኘው መጋቢት 28 ነው ወይስ ሚያዝያ 27? አጎቴ ሁሌ መጋቢት 28 ነው እያለ ይከራከራል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አጎትህ የደርግ ዘመን ሰው ናቸው መሰለን። አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው፣ ንጉሡ የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27፣ ያውም ጣልያን ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ቀኑ ታስቦበት ነው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው፣ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሁለቱም ቀን እውነተኛ ነው።

ጥያቄ፦ የአያቴን ሜዳይና ጎፈር አድርጌ ቪዲዮ ብለቅ ነውር ነው? አንድ ሰው ደግሞ ሜዳዩን ልግዛህ ብሎኛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ማድረጉ ነውር አይደለም፣ በሰልፉም ላይ ልጆች የአባታቸውን ያደርጋሉ። ቪዲዮው ላይ ግን የማን እንደሆነ ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ በማን ስር እንደተዋጉ ተናገር፣ ፉከራውንም ከቻልክ የሳቸውን እንጂ ከሌላ ቪዲዮ የለቀምከውን አትፎክር። ያልሰሩትን ጀብዱ አትጨምርላቸው፣ የሰሩት ይበቃል።

ሽያጩን በተመለከተ አትሽጠው ወንድሜ፣ ገንዘብ ቢቸግርህም ሌላ መላ ፈልግ። እነዚህ ሜዳዮች አንዴ ከወጡ ከነማን ቤት እንደወጡ እንኳን አይታወቅም፣ ስም የሌለው ብረት ሆነው ነው የሚቀሩት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፣ ሰውየው ወደ ውጭ የሚልከው ከሆነ አንተም ጣጣ ውስጥ ትገባለህ። እቤት ማስቀመጥ ካሰጋህ በአደራ ደረሰኝ ተቀብለህ ሙዚየም አስቀምጠው፣ ከመስጠትህ በፊት ግን ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሳው፣ ከአያትህ ሙሉ ስም ጋር ጽፈህ አንድ ኮፒ ለአካባቢህ የአርበኞች ማህበር ስጥ።